ስሙ አንድ፣ አውሮፕላኑ ብዙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስጽፍ ስፒትፋየር የሚባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን በአንድ መስመር ጠርቼ አለፍኩ። እናንተ ግን አላለፋችሁኝም። የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፤ ሁለት ፎቶ ታያላችሁ፣ ከሁለቱም ሥር «ስፒትፋየር» ይላል፣ አውሮፕላኖቹ ግን አይመሳሰሉም። ዓይናችሁ አላታለላችሁም። ስድስቱን መርጬ እመልሳለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀኖቹም ዓመቶቹም የፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ቤር ሼቫ ነው የምኖረው። ልጆቼን ይዤ ሐጼሪም ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ሄጄ ነበር። እዚያ ያለውን ጥቁሩን ስፒትፋየር ስናይ ትልቁ ልጄ ስልኩ ላይ የ1940ውን የእንግሊዝ ስፒትፋየር ፎቶ አውጥቶ ‹አባዬ፣ ይሄኛው ፕሮፔለሩ ሦስት ቅጠል ነው፣ ያኛው አራት› አለኝ። የምለው ጠፋኝ። የትኛው ነው እውነተኛው?» ሰ. መ.፣ ቤር ሼቫ፣ እስራኤል

መልስ፦ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ልጅዎ ግን ጎበዝ ነው፣ ዓይኑ የሄደው ዋናው ነገር ላይ ነው። ጥቁሩ አውሮፕላን የኤዘር ዋይዝማን ነበር፤ የእስራኤል አየር ኃይል አዛዥ የነበረው፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ማለት ነው። ዓይነቱ ማርክ 9 ነው፤ ማርክ ማለት አውሮፕላኑ በተሻሻለ ቁጥር ለአዲሱ ዓይነት የሚሰጠው ቁጥር ነው። የ1940ው ደግሞ ማርክ 1 ወይም ማርክ 2። በመሃላቸው ያለው ልዩነት የሁለት ዓመት ነው፣ ግን እነዚያ ሁለት ዓመቶች ቀላል አልነበሩም።

ስፒትፋየር መጀመሪያ የበረረው መጋቢት 5 ቀን 1936 ነው። ንድፉን ያወጣው ሬጂናልድ ሚቸል በዓመቱ በካንሰር ሞተ፣ ሥራውን ጆሴፍ ስሚዝ ተረከበው። ማርክ 1 የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበረው፣ ጉልበቱ 1 ሺህ የፈረስ ጉልበት አካባቢ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 580 ኪሎ ሜትር ገደማ። ክንፉ ውስጥ ስምንት መትረየስ። ለእያንዳንዱ 300 ጥይት። ብዙ ይመስላል አይደል? ጣትን ሳያነሱ ቢተኩሱት በ15 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል።

ከዚያ በ1941 ማርክ 5 መጣ። እሱ ከማርክ 1 ብዙም አይርቅም፣ ሞተሩ ተሻሽሎ ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ተጨመረለት፣ እንግሊዞችም በዚህ ተማምነው ከ6 ሺህ በላይ ሠሩ። ችግሩ በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ በፈረንሳይ ሰማይ አንድ አዲስ የጀርመን አውሮፕላን ብቅ አለ፤ ፎክ ቩልፍ 190። ማርክ 5ን ከመታጠፍ በቀር በሁሉም ነገር ይበልጠው ነበር። ይቀድመዋል፣ ቶሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ቶሎም ይዘቀዝቃል። በመታጠፍ ብቻ ደግሞ ጦርነት ማሸነፍ አይቻልም፣ ሌላው እንዳሻው መጥቶ እንዳሻው ይሄዳላ።

ሰኔ 23 ቀን 1942 አርሚን ፋበር የሚባል ጀርመናዊ ፓይለት ከውጊያ ሲመለስ አቅጣጫ ጠፋው። ከሥሩ ያየውን ባሕር በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው መስሎት ተሻገረና ዌልስ ውስጥ ፔምብሪ የሚባል የእንግሊዝ አየር ማረፊያ ላይ ዘና ብሎ አረፈ። አንድ የእንግሊዝ ወታደር የምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ይዞ ሮጦ ማረከው። እንግሊዞች ሊሰርቁት ሲያስቡት የነበረው አውሮፕላን ቤንዚኑን እንደያዘ በራሱ እግር መጣላቸው! ወስደው ፈተሹት። ውጤቱ የፈሩትን ነበር።

መልሱ በእጃቸው ነበር ማለት ይቻላል። ሮልስ ሮይስ ለዌሊንግተን ቦምብ ጣይ፣ ያውም በጣም ከፍ ብሎ እንዲበር ለታሰበው፣ አዲስ መርሊን እየሠራ ነበር፤ መርሊን 61። ይህ ሞተር ምን የተለየ አለው? እንጦጦን ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ያስቡ። ያቃስታል፤ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑን በደንብ ማቃጠል አይችልም። 6 ሺህ ሜትር ላይ ደግሞ የአየሩ ውፍረት ከባሕር ወለሉ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ አየሩን እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ሱፐርቻርጀር ያስፈልጋል። የዛሬ መኪና ቱርቦ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ቱርቦን ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ይህንን ሞተሩ ራሱ በማርሽ። የማርክ 5 ሱፐርቻርጀር አየሩን አንዴ ነበር የሚጨምቀው። መርሊን 61 ግን አንዴ ጨምቆ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ የሚግለውን አየር በመሃል ያቀዘቅዘዋል፣ ሁለት ማርሽም አለው። ከፍ ሲል ሁለተኛው ማርሽ ራሱ ሲገባ ፓይለቱ መቀመጫው ላይ ሆኖ ይሰማው ነበር።

ይህን ሞተር ማርክ 5 ላይ ገጠሙት፣ ስሙንም ማርክ 9 አሉት። በሐምሌ 1942 ውጊያ ገባ። ፍጥነቱ 650 ኪሎ ሜትር አለፈ። ያን ሁሉ ጉልበት ሦስት ቅጠል ስለማይችለው ነው አራተኛው የተጨመረው፣ ለልጅዎ ይህን ይንገሩት።

በሚቀጥለው ስትሄዱ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ክንፉን ከሥር እዩት። በሁለቱም በኩል እኩል የሆኑ ሁለት ሳጥን መሳይ ራዲያተሮች አሉ። ማርክ 5 ግን ሳጥኑ በቀኝ ክንፍ ሥር ብቻ ነው፣ በግራ በኩል ትንሽ ክብ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው ያለው። ፕሮፔለር ሊቀየር ይችላል፣ ቀለምም ያታልላል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ሆዱን ነው።

እዚያው አገር ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 7 ቀን 1949 በሲና ድንበር አካባቢ ሰማይ ላይ የእስራኤልም የእንግሊዝም ስፒትፋየር ነበር፣ ግብፆችም ያው ስፒትፋየር ነበራቸው። ሦስት አገር፣ አንድ አውሮፕላን! እንግሊዞች በዚያ ቀን ለቅኝት ልከዋቸው የነበሩ አራት ስፒትፋየሮችንና ቴምፔስት የሚባል አንድ ሌላ ተዋጊ አውሮፕላን አጡ። የእንግሊዞቹ ማርክ 18 ነበር፣ የእስራኤሎቹ የድሮው ማርክ 9። ቁጥር ስለበለጠ አሸናፊ አይኮንም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 10ኛ ክፍል ነኝ፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን እወዳለሁ። አጎቴ ከውጭ ማርክ 9 እና ማርክ 14 አመጣልኝ። የ14ቱ ፕሮፔለር አምስት ቅጠል ነው፣ የቅጠሎቹ ጠመዝማዛ ደግሞ ከ9ኙ ጋር ተቃራኒ ነው። ፋብሪካው ተሳስቶ ነው? ሌላው፣ ማርክ 9 ከማርክ 8 ቀድሞ ጦርነት ገባ የሚል አነበብኩ፣ እንዴት ይሆናል?» ናቲ፣ ገርጂ

መልስ፦ ናቲ፣ ፋብሪካው አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የዛሬ ስንት ዓመት እንዳንተው ማርክ 14 ስገጣጥም ፕሮፔለሩን አየሁና «ይሄማ ተገልብጦ ነው» ብዬ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ሲደርቅ ሳየው ጠመዝማዛው ያው ነው! ፕሮፔለር ብትገለብጠውም አቅጣጫው አይቀየርም፣ እንደ ቡሎን ጥርስ በለው። ልነቅለው ስል ሁለት ቅጠል ተሰበረ። እስከ ዛሬ ሦስት ቅጠል ያለው ማርክ 14 መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳው አዞረዋለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማርክ 14 ላይ መርሊን የለም፤ ግሪፎን የሚባል ትልቅ ወንድሙ ነው ያለው። ሁለቱም ባለ 12 ሲሊንደር ናቸው፣ ግን መርሊን 27 ሊትር ነው፣ ግሪፎን ወደ 37 ሊትር። ጉልበቱ ከ2 ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ፣ ማለት የማርክ 1 እጥፍ ነው። ፍጥነቱ 720 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ለዚህ ነው አምስት ቅጠል። ግሪፎን ደግሞ የሚሽከረከረው በተቃራኒ ነው፤ መርሊን ፓይለቱ ከወንበሩ ሲያየው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ግሪፎን ወደ ግራ። ይህ ለሞዴል ሠሪ ቀልድ ነው፣ ለፓይለቱ ግን ቀልድ አልነበረም። በመርሊን ሲነሳ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ስለሚስብ ቀኝ ፔዳል መርገጥ ለምዷል። ግሪፎን ላይ በልማዱ ቀኙን ቢረግጥ፣ አውሮፕላኑም ወደዚያው ወደ ቀኝ ስለሚስብ ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሣር ላይ ነው የሚገኘው።

የቁጥሩን ነገር በተመለከተ፣ ቁጥሩ የተሰጠው ሲታቀድ እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ለአዲሱ ሞተር ተብሎ በወግ የተነደፈው ማርክ 8 ነበር፤ አካሉ የጠነከረ፣ የጭራው ጎማ ሳይቀር ወደ ውስጥ የሚገባ። ግን ማሽኑን ለዚያ እስኪያዘጋጁ ጊዜ ይፈጃል፣ ፎክ ቩልፉ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ «ለጊዜው» ተብሎ ያለውን ማርክ 5 ሞተሩን ቀይረው ማርክ 9 አደረጉት። ያ ለጊዜው የተባለው ከ5 ሺህ በላይ ተሠራ፣ እስከ ጦርነቱ መጨረሻም ተዋጋ። በደንብ የታሰበበት ማርክ 8 ግን አብዛኛው ወደ ሜዲትራኒያን፣ ወደ በርማና ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ስሙ ብዙም ሳይነሳ ቀረ። እኔ እንደሆንኩ ከሁሉም ማርክ 8ን ነው የምወደው፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ማርክ 16ን ደግሞ ካየህ እንዳትደናገጥ። ያው ማርክ 9 ነው፣ ሞተሩ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ፓካርድ የሠራው መርሊን ስለሆነ መለዋወጫው እንዳይደባለቅ የተለየ ቁጥር ሰጡት።

ጥያቄ፦ «መካኒክ ነኝ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ደንበኛ ሲያወራ፣ የስፒትፋየር ሞተር ሲዘቀዝቅ ይጠፋ ነበር፣ አንዲት ሴት በአንዲት ሮንዴላ አስተካከለችው አለን። ሳቅንበት። እውነት ነው እንዴ?» ደ.፣ ተክለ ሃይማኖት

መልስ፦ እውነት ነው፣ ደንበኛውን ሻይ ጋብዙት። የመጀመሪያዎቹ መርሊኖች ካርቡራተራቸው፣ ማለት ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ እናንተ እንደምታውቁት ዓይነት ነበር፣ ተንሳፋፊ ያለው። ፓይለቱ አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋው ሁሉ ነገር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ቤንዚኑም እንዲሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ ይንተፋተፋል። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ሥራውን ስለሚስት ቤንዚኑ ያለ ልክ ይገባና ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ኢንጀክሽን ነበረው። ስለዚህ ጀርመኑ ሲጨንቀው ወደ ታች ይደፋና ያመልጣል። እንግሊዙ እሱን ለመከተል መጀመሪያ በጀርባው መገልበጥ፣ ከዚያ ወደ ሆዱ እየሳበ መውረድ ነበረበት። እስኪገለበጥ ሰውዬው ሄዷል።

ሴትየዋ ቢያትሪስ ሺሊንግ ትባላለች። ፋርንቦሮ የሚገኘው የመንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም መሐንዲስ ነበረች፣ በሞተር ሳይክል ውድድርም ወንዶቹን ያስከነዳች። ያመጣችው መፍትሔ መሃሏ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ናት። የቀዳዳዋ ስፋት ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚፈልገውን ያህል ቤንዚን ብቻ ታሳልፋለች፣ ከዚያ በላይ ጠብ አይልም። መታፈኑ ቀረ። በ1941 መጀመሪያ እሷና ጥቂት ባልደረቦቿ ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው እየዞሩ አውሮፕላኖቹ ከሥራ ሳይወጡ ገጠሙላቸው። የመጀመሪያው ትንተፋ ግን ሙሉ በሙሉ የጠፋው በኋላ ቤንዚንን በግፊት የሚሰጥ ካርቡራተር ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ማርክ 5 ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አንዱ ሮንዴላዋን የያዘ ሌላው ያልያዘ፣ ከውጭ ልዩነታቸው አይታይም። የልዩነት ነገር ሁልጊዜ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ጥያቄ፦ «ለንደን ሙዚየም ያየሁት ስፒትፋየር ክንፉ ጫፉ ላይ ቁርጥ ያለ ነው። በጥይት ተመትቶ ነው ወይስ ሲያጓጉዙት?» ሄለን፣ ለንደን

መልስ፦ አይ፣ ሆን ተብሎ ነው። የሚታወቀው የስፒትፋየር ክንፍ እንደ እንቁላል የተጠጋጋ ነው፣ ከጫፍ ጫፍ 11.2 ሜትር። በዝቅታ ለሚዋጉት ጫፎቹን አውልቀው ወደ 9.9 ሜትር አሳጠሩት። ክንፍ ሲያጥር አውሮፕላኑ ወደ ጎን ቶሎ ይገለበጣል፣ ፎክ ቩልፉ የሚመካበትም አንዱ ነገር ይኸው ነበር። በጣም ከፍ ብለው ለሚበሩት ለማርክ 6 እና ለማርክ 7 ደግሞ በተቃራኒው ጫፉን አሹለው አስረዘሙት። ጫፉ የሚፈታ ስለሆነ ተቆርጦ ብታይው ብቻ የትኛው ማርክ እንደሆነ አይነግርሽም። ማርክ 5 ተቆርጧል፣ 9 ተቆርጧል፣ 16ም ተቆርጧል። ሆዱን እይ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ «እኔ የ81 ዓመት ሰው ነኝ። አባቴ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ የእንግሊዝ አውሮፕላን አይቻለሁ ይሉ ነበር። ስፒትፋየር ይሆን?» አ. ወ.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አባትዎ አውሮፕላን ማየታቸውን አልጠራጠርም፣ ስፒትፋየር ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ስፒትፋየር ለእንግሊዝ ለራሷም አይበቃም ነበር፤ ከአገሯ ውጭ ለውጊያ መላክ የተጀመረው በ1942 ማልታ ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ፓይለቶች የሚያበሩት ተዋጊ አውሮፕላን በዋናነት ሃሪኬንና ግላዲየተር ነበር። ግላዲየተር ሁለት ክንፍ የተደራረበበት ነው። የጣሊያኑ ፊያት ሲ አር 42ም እንዲሁ ሁለት ክንፍ ነበር። አባትዎ «ባለ አንድ ክንፍ ነው» ብለው ከነበረ ሃሪኬን ሊሆን ይችላል።

ግን የስፒትፋየር ዘመድ በኋላ እኛ ጋ መጥቷል። በ1950ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ፌሪ ፋየርፍላይ የሚባል የእንግሊዝ አውሮፕላን ነበረው፣ ሞተሩም ለናቲ የነገርኩት ግሪፎን ነው። ወደ ግራ የሚዞረው። ያን ጊዜ ደብረ ዘይት አካባቢ የነበሩ ሰዎች የሰሙት ድምፅ የኋለኛዎቹ ስፒትፋየሮች የሞተር ድምፅ ነበር።

ጥያቄ፦ «አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበር፣ አርፏል። ኤፍ 5 ፊት ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለኝ። ጓደኞቹ አንዳንዱ ኤ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ኢ ነው። ያን ያህል ልዩነት አላቸው? አንድ አውሮፕላን አይደሉም?» ት. አ.፣ ቢሾፍቱ

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄዎ ከስፒትፋየር ቢወጣም ነገሩ ያው ስለሆነ አስገባሁት። ኤፍ 5 ኤ ኢትዮጵያ የገባው በ1960ዎቹ ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ ለመጠገን የማያስቸግር ጀት ነበር፣ ግን ራዳር የለውም። ፓይለቱ ጠላትን የሚፈልገው በዓይኑ ነው። ኢ የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ግፊታቸው ከ4,080 ፓውንድ ወደ 5,000 ፓውንድ አደገ፣ አፍንጫው ውስጥ ራዳር ገባ፣ አካሉም ሰፋ። እንደ ማርክ 5 እና ማርክ 9 ነው በሉት፤ ከሩቅ መንታ፣ ከቅርብ ግን ሌላ።

ልዩነቱ የታየው በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የእኛ ፓይለቶች በኤፍ 5 ኢ የሶማሊያን ሚግ 21ና ሚግ 17 ኦጋዴን ሰማይ ላይ ጣሉ። ሚግ 21 በፍጥነት ይበልጥ ነበር፣ ግን ኢ በመታጠፍ ይበልጠዋል፣ ፓይለቶቹም በደንብ የሠለጠኑ ነበሩ። ሠልጣኙንና አውሮፕላኑን ለየብቻ ማመስገን ይከብዳል፣ እኔ ግን ቅድሚያውን ለሰዎቹ ነው የምሰጠው።

ፎቶው ላይ የክንፉን ሥር ይዩ፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን የፊት ጠርዝ። ኤ ላይ እዚያ ጋ ያለው ሦስት ማዕዘን ቅጥያ ትንሽ ናት፣ ልብ ካላሏት አትታይም። ኢ ላይ ግን ሰፊ ሆኖ ወደ ፊት ይዘረጋል። ሌላው ምልክት የፊት እግሩ ነው፣ ኢ ለመነሳት ሲዘጋጅ የፊት እግሩን አስረዝሞ አፍንጫውን ቀና ማድረግ ይችላል። ቆሞ ሳለ ግን ይህ ላይታይ ይችላል። ካልለየልዎ የፎቶውን ቅጂ ይላኩልኝ፤ አባትዎ የክንፉን ሥር ካልከለሉት እነግርዎታለሁ።